ስለ ወንጀል ሕግ ጠይቁኝ፦ ከጎጃም ለመጡ ጥያቄዎች መልስ

ሰላም የጎጃም ሰዎች። ደብረ ማርቆስ የምሠራ ጠበቃ ነኝ። ስለ ወንጀል ሕጉና ስለ ማሻሻያው ጠይቁኝ ብዬ ነበር፤ ጉድ ነው የመጣው። የቻልኩትን እነሆ።

ከፍኖተ ሰላም፦ ጋሼ፣ «ሕጉ ተሻሽሏል» ሲባል የቱ ነው?

ሁለት ሕግ አለ፤ ሰው ያምታታቸዋል። ወንጀሉንና ቅጣቱን የሚደነግገው የ1949ኙ ሕግ በአዲስ ተተክቷል፤ አዲሱ ከግንቦት 1 ቀን 1997 ዓ.ም. ጀምሮ ይሠራል። አያያዙን፣ ዋስትናውንና ክሱን የሚመራው የሥነ ሥርዓት ሕግ ግን የወጣው በ1954፣ በጃንሆይ ዘመን ነው። እሱን የሚተካ ረቂቅ ለዓመታት ሲጻፍና ሲከለስ ኖሯል። እኔን ከጠየቃችሁኝ፣ ሰውን የሚያንገላታው ከቅጣቱ ይልቅ ሥነ ሥርዓቱ ነው።

ከቡሬ፦ ወንድሜ ታስሯል። ፖሊስ በየጊዜው 14 ቀን ይጠይቅበታል። ማብቂያ የለውም?

እግዜር ያስፈታው። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19 መሠረት የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት ይቀርባል፤ የመንገዱ ጊዜ አይቆጠርም። ምርመራው ካላለቀ የሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 59 ተጨማሪ ቀጠሮ ይፈቅዳል፤ አንዱ ቀጠሮ ግን ከ14 ቀን አይበልጥም። ስንት ጊዜ? እሱን አልጻፈውም። ቀዳዳው እዚህ ጋ ነው። መርማሪው ይነሳና «ምስክር ይቀረኛል፣ የሐኪም ማስረጃ አልደረሰኝም» ይላል። በሚቀጥለውም ቀጠሮ ያችኑ ይደግማል። ወንድምህ ዝም አይበል። «ባለፈው 14 ቀን ምን ተሠራ? የትኛው ምስክር ተሰማ? ብወጣ የቱን ማስረጃ አጠፋለሁ?» ይበል፤ መልሱም መዝገብ ላይ ይስፈርለት። ምርመራው እንዳይጓተት መቆጣጠር በዚያው አንቀጽ 19 የዳኛው ግዴታ ነው። አዲስ ሕግ የሚጽፍ ሰው የቀጠሮውን ብዛት በቁጥር ካልገደበ ምኑን አሻሻለው?

ከሞጣ፦ የጎረቤቴን ልጅ ጠለፏት። አሁን ሽማግሌ ተልኮ ሰርግ ይሁን ተባለ። ክሱ ይቀራል?

አይቀርም እህቴ። በ1949ኙ ሕግ ጠላፊው ልጅቷን በፈቃዷ ካገባት ከክስ ይድን ነበር። በአዲሱ ሕግ አንቀጽ 587 ጠለፋ ከ3 እስከ 10 ዓመት ጽኑ እስራት ያስቀጣል፤ ጋብቻው አያድነውም። ዕድሜዋ ከ18 በታች ከሆነ ደግሞ ያለዕድሜ ጋብቻው ራሱ ሌላ ወንጀል ነው፤ አንቀጽ 648ን ተመልከቺ።

ከደጀን፦ ደሙ በሽማግሌ ደርቋል፣ ተታርቀናል። ዐቃቤ ሕግ ለምን ይከሳል?

ነፍስ ግድያ የመንግሥት ክስ ስለሆነ። ዕርቁ ክሱን አያቋርጥም፤ መጸጸትና መካስ ግን በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 82 ቅጣት ያቀልላል። ስለዚህ የዕርቁን ስምምነት በጽሑፍ ያዙት። ሽማግሌም አትናቁ፤ ፍርድ ቤት በቀልን አያስቀርም፣ እነሱ ግን ያስቀራሉ።

ከዳንግላ፦ ክልሉ የራሱን የወንጀል ሕግ ማውጣት ይችላል?

ይችላል፣ በጠባቡ። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 55 የፌዴራሉ ሕግ ባልሸፈነው ጉዳይ ብቻ ይፈቅድለታል።

ከቢቸና፦ የተፈረደብኝን ቅጣት የሚያቀልል ሕግ በኋላ ቢወጣ ይጠቅመኛል?

አዎ። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 22 ለተከሳሽም ለተፈረደበትም የሚጠቅመው የኋለኛው ሕግ ይሠራል ይላል። የሚያከብድ ከሆነ ግን ወደ ኋላ ሄዶ አይነካህም።