ቤቴ ውስጥ ያነሣሁትን ፎቶ ዐውደ ርዕይ ላይ ለመስቀል የማን ፈቃድ ያስፈልገኛል?

ጥያቄ፦ የምኖረው አዲስ አበባ፣ ጉለሌ ነው። የእናቴን ቤትና የግቢያችንን የዕለት ኑሮ ለጥቂት ዓመታት ፎቶ ሳነሣ ቆይቻለሁ፤ ቡና ሲፈላ፣ በርበሬ ሲቀነጠስ፣ የእህቴ ልጆች ሣፋ ውስጥ ሲታጠቡ፣ የእድር ሴቶች ለለቅሶ ቤት ወጥ ሲሠሩ። አሁን አንድ የባህል ማዕከል 40 ፎቶ መርጦ ዐውደ ርዕይ ሊያዘጋጅልኝ ነው፤ ኅትመቶቹም ይሸጣሉ። የአጎቴ ልጅ ደግሞ ፍራንክፈርት ሊያሳያቸው ይፈልጋል። ጥቂቱን ቴሌግራም ቻናሌ ላይ ብለጥፍ፣ አንዲት ጎረቤታችን በአባቴ ለቅሶ ድንኳን ውስጥ ሲያለቅሱ የሚያሳየውን ፎቶ እንዳወርድ ጠየቁኝ። ያነሣሁት በራሴ ቤት፣ በራሴ ካሜራ፣ እያዩኝ ነው። አውርድ ሊሉኝ ይችላሉ? ምን ዓይነት ወረቀትስ ያስፈልገኛል?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ የጎረቤትዎን ፎቶ ዛሬውኑ ያውርዱት። መብት አለኝ የለኝም የሚለው ክርክር ከዚያ በኋላ ይደርሳል። በፍትሐ ብሔር ሕጋችን ቁጥር 29 መሠረት፣ ምስሉ ያለፈቃዱ የታየበት ሰው ይቁምልኝ ብሎ የመጠየቅ መብት አለው፤ ጥያቄው ደርሶት ወዲያው ያላቆመ ሰው ደግሞ የሞራል ካሣ ጭምር ሊጠየቅ ይችላል። አሁን እርስዎን የሚጎዳዎት ፎቶውን መለጠፍዎ ብቻ ሳይሆን፣ ከተጠየቁ በኋላ የሚያልፈው እያንዳንዱ ቀን ነው። ፎቶው ወደ ሌላ ቡድን ወይም ገጽ ተዛውሮ እንደሆነ ይፈልጉ፤ እርስዎ ማጥፋት የማይችሉትን ቦታ የሚያስተዳድረውን ሰው በጽሑፍ ይጠይቁ። ከዚያ ለጎረቤትዎ በዚህ ቀን አውርጃለሁ ብለው አጭር መልእክት ይላኩ፣ የመልእክቱንም ቅጂ ያስቀምጡ። ዋናውን ፋይል ግን አያጥፉት። ሕጉ የሚከለክለው ማሳየቱን እንጂ ማስቀመጡን አይደለም።

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 27 ያለ ባለምስሉ ፈቃድ ሦስት ነገሮችን ይከለክላል፤ ምስሉን በሕዝብ ፊት ማሳየት፣ ማባዛትና ለሽያጭ ማቅረብ። እርስዎ ሦስቱንም ሊያደርጉ ነው። «እያዩኝ ነው ያነሣሁት» የሚለው መከራከሪያ የሚያረጋግጠው ጎረቤትዎ መነሣቱን አለመቃወማቸውን ብቻ ነው፤ ከቤት አልበም ወጥቶ ባዕድ ሰው እንዲያየው ፈቀዱ ማለት አይደለም። ቤቱም ካሜራውም የእርስዎ መሆኑ በእንግዳዎ ምስል ላይ መብት አይሰጥዎትም። አብዛኛው ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ስለሆነ አጥብቀን እንናገራለን፤ ለመነሣት የተሰጠ ፈቃድና ለመታየት የተሰጠ ፈቃድ ለየብቻቸው ናቸው።

ሕጉ ሲወጣ ቴሌግራም አልነበረም። ያም ሆኖ ማንም ገብቶ የሚያየው ቻናል ላይ መለጠፍ በእኛ አስተያየት በሕዝብ ፊት ማሳየትም ማባዛትም ነው። እህትና ወንድም ብቻ ያሉበት ዝግ ቡድን ግን ከቤት አልበም ብዙም አይርቅም።

ፈቃድ የማያስፈልግባቸው ሁኔታዎች በቁጥር 28 ተዘርዝረዋል፤ ሰውየው ዝነኛ ወይም ባለሥልጣን ሲሆን፣ ለፍትሕ ወይም ለፖሊስ ሥራ ሲያስፈልግ፣ የሳይንስ፣ የባህል ወይም የትምህርት ጥቅም ሲኖር፣ እንዲሁም ምስሉ ሕዝብን ከሚመለከት ወይም በአደባባይ ከተደረገ ክንውን ጋር የተያያዘ ሲሆን። ጃን ሜዳ ለጥምቀት የወጣውን ሕዝብ ያነሣ ሰው በመጨረሻው መከለል ይችላል። እርስዎ ግን የሚያነሡት ጓዳ፣ በረንዳና ግቢ ነው። የለቅሶ ድንኳን አንዳንዴ መንገድ ዳር ስለሚተከል አደባባይ ነው የሚል ክርክር ሊነሣ ይችላል። ቀብሩ በመንገድ ሲያልፍ የተነሣውን ሕዝብ በተመለከተ ክርክሩ ሚዛን አለው። ድንኳኑ ውስጥ ገብቶ ያንዲት እናትን ፊት በቅርብ ማንሣት ግን የተለየ ነው፤ ድንኳኑ ለሐዘንተኞች መጠለያ ነው፣ የገባውም ሊያጽናና እንጂ ሊታይ አልመጣም።

የባህል ማዕከሉ «ይህ ባህል ነው፣ ፈቃድ አያሻም» ካለዎት በዚህ ቃል ብቻ አይተማመኑ። ባህላዊ ጥቅም የሚለው ምክንያት በሕጉ ውስጥ በእርግጥ አለ። ነገር ግን ዳኛው ባህሉን ያለዚህች ሴት ፊት ማሳየት አይቻልም ነበር ወይ ብሎ ሊጠይቅ ይችላል። ሽንኩርት የሚከትፉ እጆች፣ የተደረደሩ ድስቶች፣ ከኋላ የሚታይ ነጠላ የእድሩን ሥራ ያሳያሉ፤ የማንንም ማንነት አይገልጡም። ፈቃድ ባላገኙበት ቦታ እንዲህ ያለውን ፎቶ ይተኩ። ዐይንን ብቻ መሸፈን ግን አያድንም፤ የሰፈር ሰው በአለባበስና በአቀማመጥ ይለያል።

አሁን ወደ ወረቀቱ እንምጣ። ለምስል ፈቃድ ሕጉ የተለየ ቅርጽ አላስቀመጠም፤ በቃልም ይሰጣል። ችግሩ ያለው ማስረጃው ላይ ነው። ከክርክር በኋላ «ፈቅደውልኝ ነበር» ብሎ በቃል ማስረዳት ከባድ ስለሆነ በጽሑፍ ያድርጉት። ከኢንተርኔት ተገልብጦ «ማንኛውንም ፎቶ፣ ለማንኛውም ዓላማ፣ ለዘላለም ፈቅጃለሁ» የሚለውን ቅጽ ግን አይጠቀሙ። የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 8 ሰው የሰውነት መብቶቹን (በምስሉ ላይ ያለውን ጨምሮ ሰው በመሆኑ ብቻ ያሉትን መብቶች) በፈቃዱ ቢገድብ እንኳ፣ ገደቡ ሕጋዊ የሆነ የሕዝብ ጥቅም ከሌለው እንደማይጸና ይደነግጋል። ፈቃዱ ለክርክር የሚጋለጠው በሰፋ መጠን ነው፤ የሚጠቅምዎት ጠባብና ግልጽ የሆነው ነው።

እንዲህ ያድርጉ። የተመረጡትን ፎቶዎች በትንሹ አሳትመው ቁጥር ይስጧቸው፤ ቁጥሩ ኮምፒውተርዎ ላይ ካለው የፋይል ስም ጋር አንድ ይሁን። ለእያንዳንዱ ሰው ያለበትን ፎቶ ሁሉ ያሳዩትና ትንሿን ኅትመት ከቅጹ ጋር ያያይዙ፣ ኅትመቷ ላይም ያስፈርሙ። «ፎቶዎቹን ፈቅጃለሁ» የሚል ወረቀት ብቻውን ብዙ ጊዜ የሚወድቀው የትኞቹ ፎቶዎች እንደሆኑ ስለማይታወቅ ነው። የቅጹ ቃል የሚከተለው ሊሆን ይችላል፦

«እኔ ስሜና አድራሻዬ ከታች የተጻፈው፣ ከዚህ ጋር ተያይዘው የፈረምኩባቸውን ቁጥር … የሆኑ ፎቶዎች አይቻለሁ። በ… ማዕከል ከ… እስከ … ድረስ በሚቆየው ዐውደ ርዕይ እንዲታዩ (ፈቅጃለሁ / አልፈቀድኩም)። እያንዳንዳቸው ከ… በማይበልጥ ቅጂ ታትመው እንዲሸጡ (ፈቅጃለሁ / አልፈቀድኩም)። በማኅበራዊ ሚዲያ እንዲለጠፉ (ፈቅጃለሁ / አልፈቀድኩም)። ከአገር ውጭ በ… ከተማ እንዲታዩ (ፈቅጃለሁ / አልፈቀድኩም)። ለንግድ ማስታወቂያ እንዲውሉ አልፈቀድኩም። ከሽያጩ የሚደርሰኝ … ነው / የጠየቅኩት ክፍያ የለም።»

እያንዳንዱ መስመር ለየብቻ ምልክት ይደረግበት። አክስት ዐውደ ርዕዩን ወድደው ቴሌግራሙን ሊጠሉ ይችላሉ፤ ይህ ሙሉ መብታቸው ነው። ቅጹ በሁለት ቅጂ ይፈረም፣ አንዱ ለባለምስሉ ይሰጥ፣ ሁለት ምስክሮችም ይኑሩበት።

እናትዎ ወይም ከእድሩ ሴቶች አንዳንዶቹ መጻፍ የማይችሉ ከሆነ ትልቅ ጥንቃቄ ያሻል። በፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1728 መሠረት የዓይነ ሥውር ወይም መጻፍና ማንበብ የማይችል ሰው የጣት አሻራ ያለበት ሰነድ፣ በውል አዋዋይ ወይም በዳኛ ፊት ካልተረጋገጠ አያስገድደውም። ቤት ውስጥ ቀለም ነክሮ ማስፈረም እንግዲህ ብዙ ዋጋ የለውም። አሻራ የሚያደርጉትን ሰዎች መታወቂያቸውን አስይዘው ወደ ውልና ማስረጃ ይውሰዷቸው፣ ሰነዱም እዚያ ይነበብላቸው። ቅጹ ሲነበብላቸውና ሲስማሙ በስልክ መቅዳትም ጥሩ ተጨማሪ ማስረጃ ነው፤ ማረጋገጫውን ግን አይተካም።

የቤት ሠራተኛ በፎቶው ላይ ካለች ፈቃዷን የሚጠይቃት ቀጣሪዋ አይሁን። ደመወዝ ከሚከፍላት ሰው ፊት «እሺ» ያለች ሴት በነፃ ፈቃዷ ፈቀደች ማለት ያስቸግራል። የምታምነው ሰው ባለበት፣ እምቢ ብትል ሥራዋ ላይ ምንም እንደማይመጣባት በግልጽ ተነግሯት ትጠየቅ። ግቢ ውስጥ ለተከራየ ሰውም እንዲሁ ነው።

የእህትዎ ልጆች ከ18 ዓመት በታች ስለሆኑ በተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213/1992፣ ስለእነሱ የሚወስኑት አባትና እናት በጋራ ናቸው። የእህትዎ ፈቃድ ብቻውን አይበቃዎትም፤ አባትየውንም ያስፈርሙ፣ ውጭ አገር ከሆነ በጽሑፍ ይላክ። ነገር የሚገባቸውን ልጆች ራሳቸውንም ይጠይቁ። ሲታጠቡ የተነሡትን ፎቶዎች ግን ወላጆች ቢፈቅዱም እንዳይሰቅሉ፣ እንዳይሸጡና እንዳይለጥፉ እንመክራለን። በቤተሰብ ዓይን ንጹሕ የሆነ ፎቶ ኢንተርኔት ላይ ከወጣ ማን እጅ ገብቶ ለምን እንደሚውል መቆጣጠር አይቻልም። የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ደግሞ ለአካለ መጠን ያልደረሱ ልጆችን የሚመለከት የብልግና ምስልን በጽኑ ይቀጣል። ልጁ ካደገ በኋላ የሚያፍርበት ፎቶ የቤት አልበም ውስጥ ይቀመጥ። የቀሩት የልጆች ፎቶዎች ላይ የትምህርት ቤት ስም ያለበት ዩኒፎርም፣ ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ሰርተፍኬት ወይም ጠረጴዛ ላይ የተቀመጠ የታማሚ መድኃኒት እንዳለ በሰፊው ከፍተው ይመልከቱ፤ በስልክ የማይታየው በትልቅ ኅትመት ይነበባል።

ከተመረጡት መካከል የሟች አባትዎ ፎቶ ካለ፣ የሞተ ሰው ምስል ክብሩን ወይም መልካም ስሙን በሚነካ መንገድ ከታየ፣ ለመቃወም የሚችሉት ቤተሰቦቹ መሆናቸውን የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 30 ይናገራል። እርስዎ ልጅ ቢሆኑም ብቻዎን አይደሉም። የሕመም አልጋ ላይ ያሉበትን ፎቶ ከመስቀልዎ በፊት እናትዎንና እህትዎን በጽሑፍ ያስማሙ።

የፎቶው ባለቤትነት ሌላ ጉዳይ ነው፣ እዚህ ላይ ሕጉ ከእርስዎ ጋር ነው። በቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት የሥራው አመንጪ ፎቶውን ያነሣው ሰው ነው፤ ካሜራውን የገዛው ወይም ያሳተመው አይደለም። መብቱ ያለምዝገባ ይገኛል፣ ለፎቶግራፍ የሚቆየውም ፎቶው ከተነሣበት ጊዜ ጀምሮ 25 ዓመት ነው። ስሙ በሥራው ላይ የተጻፈ ሰው ተቃራኒ ማስረጃ እስኪቀርብ ድረስ እንደ አመንጪ ስለሚቆጠር፣ በእያንዳንዱ ኅትመት ጀርባ ስምዎን፣ አድራሻዎንና ፎቶው የተነሣበትን ዓመት ይጻፉ። ከ40ዎቹ መካከል የእህትዎ ልጅ በስልኩ ያነሣው ካለ የእሱ ነው። አንድ ጥንቃቄ ግን አለ፤ በትእዛዝ የተሠራ ሥራ የተለየ ስምምነት ከሌለ የአዛዡ ነው። ማዕከሉ ለዚሁ ዐውደ ርዕይ ተጨማሪ ፎቶ እንዲያነሡለት ከከፈለዎት፣ የኢኮኖሚ መብቱ (ፎቶውን አባዝቶና ሸጦ የመጠቀም መብት) የእርስዎ ሆኖ እንዲቀር ውሉ ላይ ያስጽፉ።

ነገሩ ፍርድ ቤት ቢደርስ ምን ይመጣል? ለሞራል ጉዳት የሚወሰነው ካሣ በፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2116 ከ1,000 ብር አይበልጥም፤ ይህን ሰምተው ግን አይዘናጉ። ከሽያጩ ባገኙት ጥቅም ልክ ካሣ ሊጠየቁ ይችላሉ። ከገንዘቡ ይልቅ የሚከብደው ደግሞ በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ቁጥር 154 የሚሰጠው ጊዜያዊ እግድ ነው። ዐውደ ርዕዩ ሊከፈት አንድ ቀን ሲቀረው እግድ ቢመጣ ግድግዳው ባዶ ይሆናል፣ ማዕከሉም ወጪውን ከእርስዎ ሊጠይቅ ይችላል። የካሣ ክስ የሚቀርበው ጉዳቱ ከደረሰ በሁለት ዓመት ውስጥ ስለሆነ (የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2143) የፈቃድ ቅጾቹን ዐውደ ርዕዩ ሲያልቅ አይጣሏቸው። ፎቶው መታየቱና መሸጡ ካበቃ በኋላም ሁለቱ ዓመት እስኪያልፍ ያስቀምጧቸው።

ፍራንክፈርትን በተመለከተ፣ የጀርመን ሕግም ለማሳየት የባለምስሉን ፈቃድ ይጠይቃል፤ ሰውየው ከሞተ በኋላ ደግሞ እስከ 10 ዓመት ድረስ የቅርብ ቤተሰቦቹ ፈቃድ ያስፈልጋል። እዚያ ክብሩ ተነካ አልተነካ ሳይባል ፈቃዱ ራሱ ስለሚጠየቅ፣ ለአባትዎ ፎቶ ያስፈረሙት የቤተሰብ ስምምነት ከተማዋን በስም መጥቀሱን ያረጋግጡ። ለአጎትዎ ልጅ የሚልኩትም «ከአገር ውጭ» በሚለው መስመር የተፈቀዱትን ፎቶዎች ብቻ ይሁን፣ የቅጾቹን ቅጂ ጨምረው።

ከማዕከሉ ጋር በሚፈራረሙት ውል ላይ ደግሞ ባለምስል ሲቃወም ማዕከሉ ፎቶውን በ24 ሰዓት ውስጥ እንደሚያወርድ፣ ለዚህም ከእርስዎ ኪሳራ እንደማይጠይቅ የሚል አንቀጽ ያስገቡ። ያለዚህ አንቀጽ፣ ከጎረቤትዎ ጋር በሰላም ያለቀው ጉዳይ ከማዕከሉ ጋር አዲስ ክርክር ሊሆን ይችላል።