ፍላሽ ላይ ሊኑክስ ከመጫንሽ በፊት ቡትሎደሩ የት እንደሚጻፍ እወቂ

እህቴ፣ ጥያቄሽን አንብቤ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም። ላፕቶፑ የቤተሰብ ነው፣ ዊንዶውሱ እንዲነካ አልፈልግም፣ 32 ጂቢ ፍላሽ አለኝ፣ ሊኑክስ ከፍላሹ እየተነሳ ፋይሌንም ሴቲንጌንም እዚያው እንዲይዝልኝ እፈልጋለሁ ብለሻል። ቁርጥ የኔ ታሪክ ነው። እኔም የራሴ ኮምፒውተር ሳይኖረኝ በታላቅ ወንድሜ ላፕቶፕ ነበር የምሠራው። ስለዚህ መልሴ አጭር ነው፦ ይቻላል፣ በደንብም ይሠራል፤ ይህንንም የምጽፍልሽ ከፍላሽ በተነሳ ሊኑክስ ላይ ሆኜ ነው። ግን ብዙ ሰው «ሩፈስ (ፍላሽን ማስነሻ የሚያደርግ ፕሮግራም) አውርጂ፣ አይኤስኦውን (የሊኑክሱን የመጫኛ ፋይል) ጻፊበት፣ አለቀ» ይላል። አያልቅም፤ ዋናው ጣጣ ቡትሎደሩ፣ ማለትም ኮምፒውተሩ ሲበራ ሲስተሙን የሚያስነሳው ትንሽ ፕሮግራም፣ የት እንደሚጻፍ ነው። እኔ ያየሁትን አበሳ አንቺ እንድታዪው ስለማልፈልግ ረዘም አድርጌ ልንገርሽ።

1ኛ. ላይቭና ሙሉ ጭነት ይለያያሉ። ላይቭ (ሳይጫን ከፍላሹ በቀጥታ የሚነሳ) ሲሆን ሲስተሙ ተጨምቆ፣ የማይለወጥ አንድ ትልቅ ፋይል ሆኖ ፍላሹ ላይ ይቀመጣል። አንቺ የምትለውጪው ሁሉ ራም ላይ ያርፍና ኮምፒውተሩ ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል። ፐርሲስተንስ የሚባለው ለውጡን የሚይዝ ተጨማሪ ፋይል ወይም ፓርቲሽን (የዲስክ ክፍልፋይ) መመደብ ነው፤ ሩፈስ ኡቡንቱና ዴቢያን ለሚባሉት የሊኑክስ ዓይነቶች መጠኑን እንድትመርጪ ይፈቅድልሻል፣ ቬንቶይ የሚባለው ተመሳሳይ ፕሮግራምም ይችላል። ፍላሹ ፋት32 በሚባለው የፋይል አቀማመጥ ከተፎረመተ አንድ ፋይል 4 ጂቢ መድረስ ስለማይችል ማስቀመጫውን ፓርቲሽን ማድረግ ይሻላል።

ለመሞከር ወይም ከተበላሸ ዊንዶውስ ፋይል ለማውጣት ላይቭን የሚያክል የለም። ለዕለት ሥራ ግን አልመክርሽም። አፕዴት ባደረግሽ ቁጥር አሮጌው ፋይል በተጨመቀው ውስጥ እንዳለ ይቀራል፣ አዲሱ በላዩ ይደረባል፣ ቦታሽ ያልቃል። ከርነሉም (የሲስተሙ እምብርት) የሚነሳው ከዚያው ከማይለወጠው ኮፒ ስለሆነ አዲስ ብትጭኚም የሚነሳልሽ አሮጌው ነው። በዚያ ላይ የኡቡንቱ ላይቭ የይለፍ ቃል ሳይጠይቅ ነው የሚገባው። ፍላሹ ከቦርሳሽ ቢወድቅ ያገኘው ሰው ሰክቶ ፋይልሽን ያገላብጠዋል። ስለዚህ አንቺን የሚያዋጣሽ ፍላሹን እንደ ሃርድ ዲስክ ቆጥሮ ሊኑክሱን ሙሉ ለሙሉ እሱ ላይ መጫን ነው። (ዱካ ሳይተዉ ለመሥራት ቴልስ የሚባል ሊኑክስ አለ፣ የራሱም የተመሰጠረ ማስቀመጫ አለው፤ የጠየቅሽው ግን እሱን አይመስለኝም።)

2ኛ. ፍላሹን ምረጪ። ማሸጊያው ላይ የተጻፈው ፍጥነት አንድ ትልቅ ፋይል በተከታታይ ሲነበብ የሚገኘው ነው። ኦፐሬቲንግ ሲስተም ግን በሺህ የሚቆጠሩ ትንንሽ ፋይሎችን እዚህም እዚያም ሲጽፍ ነው የሚውለው፤ ርካሽ ፍላሽ እዚያ ላይ ይሞታል። ብራውዘር ከፍተሽ ማውሱ ቀጥ ብሎ የሚቆመው በሊኑክሱ ጥፋት አይደለም። የኡቡንቱ ዴስክቶፕ ምክረ ሐሳብ 25 ጂቢ ቦታ ነው፤ 32ቱ ይበቃሻል፣ ግን ይጠብሻል። 64 ብታገኚ፣ ከተቻለ ደግሞ በዩኤስቢ የሚሰካ ትንሽ ኤስኤስዲ (ፈጣን ዲስክ)፣ ልዩነቱ የሰማይና የምድር ነው። ዩኤስቢ 2.0 በሰከንድ 480 ሜጋቢት፣ ዩኤስቢ 3.0 ደግሞ 5 ጊጋቢት ነው ጣሪያቸው፤ ስለዚህ ላፕቶፕሽ ላይ ሰማያዊ ቀዳዳ ካለ እሱ ላይ ሰኪ። የውሸት መጠን የተጻፈባቸው ፍላሾችም አሉ፤ 64 ነኝ ይልሻል፣ ውስጡ 8 ይሆናል፣ ከሞላ በኋላ የጻፍሽውን ይውጠዋል። ከመጫንሽ በፊት ዊንዶውስ ላይ ኤች2ቴስትደብሊው፣ ሊኑክስ ላይ ኤፍ3 በሚባሉት ፕሮግራሞች ፈትሺው። ጊዜ ይወስዳል፣ ታገሺ።

3ኛ. ቡትሎደሩ። ይህን ሁሉ መጻፍ የጀመርኩት ለዚህ ነው።

የወንድሜ ላፕቶፕ ላይ ስጭን ላይቩ በአንድ ፍላሽ፣ መድረሻው በሌላ ፍላሽ ነበር። ኢንስቶለሩ (የመጫኛው ፕሮግራም) የት ልጫን ብሎ ሲጠይቀኝ ሁለተኛውን ፍላሽ መረጥኩ። ቡትሎደሩ የት ይጻፍ ሲለኝም ያንኑ ፍላሽ መረጥኩ። ኢንስቶለሩ ግን ምርጫዬን ወደ ጎን ብሎ ቡትሎደሩን የላፕቶፑ ዲስክ ላይ ባለችው የኢኤፍአይ ፓርቲሽን (ቡትሎደሮች የሚቀመጡባት ትንሽ ክፍልፋይ) ውስጥ ጻፈው። አንዲት ማስጠንቀቂያ እንኳ የለም። ከመረጡት ቦታ ሌላ ቦታ የሚጽፍ ከሆነ ምርጫውን ለምን እንደሚያቀርብ እስካሁን አይገባኝም፤ አሁንም ሳስበው ያናድደኛል።

ክፋቱ ደግሞ ፍላሹ እንደተሰካ ሁለቱም ሲስተም ስለሚነሳ ምንም አይታወቅሽም። ፍላሹን ነቅዬ ሄድኩ። ወንድሜ ላፕቶፑን ሲከፍት ጥቁር ስክሪን ላይ «ግሩብ» (የሊኑክሱ ቡትሎደር ስም ነው) ከሚል ቃል በቀር ምንም የለም። ለኔ ሳይነግረኝ ጥገና ቤት ወሰደው። ባለሙያ ነኝ የሚለው ሰው ስክሪኑን አይቶ «ሃርድ ዲስኩ ሞቷል፤ ፎርማት ተደርጎ ከሠራ ይሠራል፣ ፋይሉን ግን እርሳው» አለው። የመመረቂያ ጽሑፉ እዚያ ውስጥ ነበር።

ስሰማ ሮጬ ሄድኩ። «ወንድም፣ ዲስኩ ጤነኛ ነው፣ ቡትሎደሩ ነው፤ አንዴ ባዮሱን ልክፈተው» አልኩት በትህትና፤ ባዮስ ማለት ከሲስተሙ በፊት የሚከፈተው የላፕቶፑ የራሱ ሴቲንግ ነው። «ታዲያ አንተ ከሆንክ የምታውቀው ለምን እዚህ አመጣችሁት?» ብሎ ጮኸብኝ። ሰው ፊት። ላፕቶፑን መልስልን ስንለው ደግሞ ምርመራ ተደርጎለታልና የምርመራ ክፈሉ አለ። አልነካውም እኮ፣ ያደረገው ነገር ቢኖር ከፍቶ ማየት ብቻ ነው። ወንድሜ ከፍሎ ወሰደው።

በሩ ላይ እንደቆምን ላፕቶፑን አበራሁት፣ የቡት ሜኑውን (ከምን እንደሚነሳ የሚመረጥበትን ዝርዝር) ቁልፍ ተጫንኩ፣ ከዝርዝሩ «ዊንዶውስ ቡት ማናጀር» የሚለውን መረጥኩ። ዊንዶውሱ ተነሳ። ፋይሉ፣ ጽሑፉ፣ ሁሉም በቦታው። የዊንዶውስ ቡትሎደር ከኢኤፍአይ ፓርቲሽኑ ውስጥ አልጠፋም ነበር፤ ግሩብ ከጎኑ ገብቶ ቀዳሚውን ቦታ ስለያዘ ነው። ግሩብ ደግሞ የቀረውን ራሱን ፍላሹ ላይ ይፈልጋል፣ ፍላሹ የለም፣ ስለዚህ መንገድ ላይ ይቆማል። ከዚያ ባዮስ ገብቼ ቅደም ተከተሉን አስተካከልኩ፤ ተፈታ። ይህን በማወቄ እኮራለሁ፤ ወንድሜም ከዚያ በኋላ ላፕቶፑን ለሰው ከመስጠቱ በፊት እኔን ይጠይቃል። አንቺም ቤት እንዲህ ያለ ነገር ከተፈጠረ ማንም ፎርማት እንዲያደርገው አትፍቀጂ፣ መጀመሪያ ቡት ሜኑውን ክፈቺ። ቁልፉ በብዙ ላፕቶፖች ኤፍ12፣ ኤፍ9 ወይም ኢኤስሲ ነው።

አሁን እንዴት ታመልጪዋለሽ? እኔ የምወደው መንገድ ዊንዶውሱ ላይ ቨርቹዋልቦክስ (በኮምፒውተሩ ውስጥ ቨርቹዋል ማሽን፣ ማለትም ሌላ ምናባዊ ኮምፒውተር፣ የሚፈጥር ፕሮግራም) መጫን ነው። ሃርድ ዲስክ የሌለው ቨርቹዋል ማሽን ትፈጥሪያለሽ፣ ኢኤፍአይ የሚለውን ታበሪያለሽ፣ አይኤስኦውን እንደ ሲዲ ትሰጪዋለሽ፣ ፍላሹን በዩኤስቢ ታሳልፊለታለሽ። ኢንስቶለሩ የሚያየው ፍላሹን ብቻ ስለሆነ የላፕቶፑን ዲስክ ሊነካ ቢፈልግም አያገኘውም። ሁለተኛ ፍላሽም አያስፈልግሽ። ይዘገያል፣ ግን በሰላም ተኝተሽ ታድሪያለሽ። ሌላው መንገድ ላይቩን አስነስቶ ጂፓርትድ በሚባለው የፓርቲሽን ማስተካከያ የውስጡ ዲስክ ኢኤፍአይ ፓርቲሽን ላይ ያሉትን «ኢኤስፒ» እና «ቡት» ምልክቶች ለጊዜው ማንሳትና ከጭነቱ በኋላ መመለስ ነው፤ መመለሱን ከረሳሽ ሌላ ጣጣ ነውና ወረቀት ላይ ጻፊው። ዲስኩን ፈቶ ማውጣት የሚችል ሰው ካለ እሱም ይሆናል፤ ለቤተሰብ ላፕቶፕ ግን አልደፍረውም።

ከጨረስሽ በኋላ የፍላሹን ኢኤፍአይ ፓርቲሽን ክፈቺና «ቡት» በሚል ፎልደር ውስጥ «ቡትኤክስ64» የሚል ፋይል መኖሩን እዪ። ኮምፒውተሮች ከማያውቁት ፍላሽ ሲነሱ የሚፈልጉት እሱን ነው። ከሌለ ፍላሽሽ በአንድ ላፕቶፕ ተነስቶ በሌላው እምቢ ይልሻል።

ስትጭኚ ዲስኩን ኢንክሪፕት አድርጊ (ያለ ይለፍ ቃል እንዳይነበብ ቆልፊ) የሚለውን ምረጪ፣ ፍላሽ የሚጠፋ ነገር ነው። ስዋፕ (ራም ሲጠብ ዲስክን እንደ ራም መጠቀም) ፍላሹ ላይ አታድርጊ፣ ራሙን ራሱን ጨምቆ የሚያብቃቃውን ዜድራም ተጠቀሚ። ፋይል በተነበበ ቁጥር ሰዓቱ እንዳይመዘገብ ኤፍኤስታብ (ዲስኮች እንዴት እንደሚከፈቱ የሚጻፍበት ፋይል) ውስጥ «ኖአታይም» ጨምሪ፤ የብራውዘሩንም ካሽ (ጊዜያዊ ፋይሎች) ራም ላይ እንዲሆን አድርጊ። ሁለቱም የፍላሹን ዕድሜ ያራዝማሉ። የተለያዩ ኮምፒውተሮች ላይ የምትሰኪው ከሆነ የኤንቪዲያ ግራፊክስ ካርድን የተለየ ድራይቨር አትጫኚበት። አዲሶቹ የአፕል ቺፕ ያላቸው ማኮች ላይ ግን አትድከሚ፣ ለተራ ፒሲ የተሠራ ፍላሽ አይነሳባቸውም። ኮምፒውተሩ ጨርሶ ሳይጠፋ ፍላሹን አትንቀዪ፤ ኮፒው አለቀ ቢልሽም ከጀርባ ገና እየጻፈ ሊሆን ይችላል። ፍላሽ ሳያስጠነቅቅ ነው የሚሞተው፤ ስለዚህ አልፎ አልፎ ሙሉውን ወደ አንድ ኢሜጅ ፋይል ገልብጠሽ ሌላ ቦታ አስቀምጪ። እኔ አንዱ ሲሞትብኝ ኢሜጁን አዲስ ፍላሽ ላይ ጽፌ በዚያው ቀን ሥራዬን ቀጥያለሁ።

ሴኪዩር ቡትን (ያልተፈረመ ቡትሎደር እንዳይነሳ የሚከለክለውን ጥበቃ) አጥፊ የሚሉሽን አትስሚ። ኡቡንቱ፣ ፌዶራ፣ ከ10ኛው ቅጂ ጀምሮ ዴቢያንም ሳይጠፋ ይነሳሉ። ዊንዶውሱ በቢትሎከር (የራሱ የዲስክ ኢንክሪፕሽን) ከተቆለፈ ሴኪዩር ቡትን ስትነኪ 48 አኃዝ ያለው የመመለሻ ቁልፍ ሊጠይቅሽ ይችላል። ዊንዶውስ 11 ያላቸው ብዙ ላፕቶፖች ባለቤቱ ሳያውቅ ኢንክሪፕት ሆነው ነው የሚመጡት። ስለዚህ ምንም ከመጀመርሽ በፊት ላፕቶፑ በማን የማይክሮሶፍት አካውንት እንደተከፈተ ቤት ጠይቂ፣ ቁልፉን ከዚያ አውጥተሽ ያዢ። ከዚያ የላፕቶፑን ሞዴልና የትኛውን ሊኑክስ እንደመረጥሽ ጻፊልኝ፤ የቨርቹዋልቦክሱን ሴቲንግ አንድ በአንድ እነግርሻለሁ።