ጻፊውን ማን ይጽፈዋል?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፣ ከጅማ የጥገና ጠረጴዛ

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እንደምን ከረሙ። አጋሮ ውስጥ ከወንድሜ ጋር ስልክ እጠግናለሁ። እናቴ ዶሮ ታረባለች። የእንቁላል ማስፈልፈያ ልሠራላት አስቤ ሙቀቱን እንዲቆጣጠርልኝ አትሜጋ 8 የሚባል፣ ኮድ የሚጫንበት ቺፕ ገዛሁ። ኮድ መጫኛ ስለሌለኝ ዩኤስቢ ኤኤስፒ የሚባለውን ፕሮግራመር ከሥዕሉ እያየሁ በቬሮቦርድ ላይ ራሴ በየድኩት። ቺፕ የገዛሁት ሁለት ነው፤ አንዱን ለፕሮግራመሩ ተጠቀምኩበት። ላፕቶፕ ላይ ስሰካው «የዩኤስቢ ዕቃው አልታወቀም» ይለኛል። ብየዳውን ሦስት ጊዜ ፈትቼ መልሼ ሠርቻለሁ። ወንድሜ «አየው እኮ! ቺፑ ይሠራል ማለት ነው፤ የጎደለው ላፕቶፑ ላይ የሚጫነው ድራይቨር ነው» ይላል። እውነቱን ነው?
— ሰ.፣ ከአጋሮ

መልስ፦ ወንድምሽ ግማሽ እውነት ይዟል። ላፕቶፑ የሆነ ነገር አይቷል። ያየው ግን ቺፑን አይደለም።

አሁኑኑ ሞክሪው። ቺፑን ከሶኬቱ ንቀይና አስቀምጪው። ባዶውን ቦርድ ላፕቶፑ ላይ ሰኪ። ያው መልእክት ይመጣል። አየሽ? ቺፑ ኪስሽ ውስጥ ሆኖ ላፕቶፑ ይጮሃል።

የሚያስጮኸው ከዩኤስቢው ሁለት የዳታ ሽቦዎች አንዱ ከሆነው ከዲ ማይነስ መስመር ወደ 5 ቮልት የተሳበችው ባለ 2.2 ኪሎ ኦም ሬዚስተር ናት። ቀለሟ ቀይ፣ ቀይ፣ ቀይ። ኮምፒውተሩ ዲ ማይነስ ከፍ ብሎ ሲያገኘው ዝቅተኛ ፍጥነት ያለው ዕቃ እንደተሰካ ያውቃል። ቀጥሎ «ማነህ?» ብሎ ይጠይቃል። መልስ የለም። ደግሞ ይጠይቃል። አሁንም የለም። በመጨረሻ ተስፋ ይቆርጥና ያንን መልእክት ያወጣል። በሩን ያንኳኳችው ሬዚስተሯ ናት፤ ሲከፈት ግን ደጅ ላይ ሰው የለም። የሚመልስ ሳይኖር ደግሞ ድራይቨር ብትቀያይሪ ዋጋ የለውም።

ልጠይቅሽ። የፕሮግራመሩ ቺፕ ላይ ኮድ ጭነሻል? ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አንብቤ ይህንን ፈለግኩት፣ አላገኘሁትም። ከሱቅ የሚመጣ አትሜጋ 8 ባዶ ነው። ዩኤስቢ የሚባል ነገር አያውቅም፤ በውስጡም የዩኤስቢ ክፍል የለውም። የዚህ ፕሮግራመር ዲዛይን ባለቤት ቶማስ ፊሽል የተባለ ጀርመናዊ ነው። ኮዱን ለሁሉም በነፃ ክፍት አድርጎታል። ቺፑን ዩኤስቢ እንዲናገር ያደረገው ደግሞ ቪ-ዩኤስቢ የሚባለው የኦስትሪያዎቹ ሶፍትዌር ነው። መስመሩን በኮድ ብቻ እየቆጠረ ያነባል። ስሌቱ ደስ ይለኛል፦ ለቺፑ ምት የሚሰጠው ክሪስታል በሰከንድ 12 ሚሊዮን ጊዜ ይመታል፣ መስመሩ በሰከንድ 1.5 ሚሊዮን ቢት ያመላልሳል፣ ስለዚህ ለእያንዳንዱ ቢት የሚደርሰው 8 ምት ብቻ ነው። በ8 ምት ውስጥ አንብቦ፣ አስቀምጦ፣ ለቀጣዩ ይዘጋጃል። ክሪስታሉን በሌላ ቁጥር አትቀይሪ የሚባለው ለዚህ ነው።

እና ኮዱን በምን ትጭኚዋለሽ? በፕሮግራመር። ፕሮግራመሩ የታለ? እሱን ነው የምትሠሪው። ዶሮ ትቅደም ወይስ እንቁላል እያሉ ሲከራከሩ ሰምተሽ ይሆናል፤ አንቺ ለማስፈልፈያ ስትደክሚ ራሱ ጥያቄው መጣብሽ።

መውጫው መበደር ነው። እኔም የመጀመሪያዬን የሠራሁት በሰው ዕቃ ነው። ለአንድ ቀን አርዱዪኖ ኡኖ የሚያውስሽ ሰው ፈልጊ፤ ለጊዜው ፕሮግራመር መሆን የሚችል ቦርድ ነው። ጅማ ከመጣሽ ባጃጅ ይዘሽ ኪቶ ፉርዲሳ ውረጂ። የቴክኖሎጂ ተማሪዎች ያሉበት ግቢ ነው፤ በር ላይ ቆመሽ አርዱዪኖ ያለው ሰው ብትጠይቂ ባዶ እጅሽን የምትመለሺ አይመስለኝም። ቡና ጋብዢና ተበደሪ። ከአጋሮ መጥተሽ ቡና ስትጋብዢ ደግሞ ያስቃል፤ ግን ይሠራል።

አርዱዪኖው ላይ ከራሱ ምሳሌዎች ውስጥ «አርዱዪኖ አይኤስፒ» የሚለውን ጫኚ። ጭነሽ ከጨረስሽ በኋላ፣ ከዚያ በፊት አይደለም፣ ባለ 10 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር በአርዱዪኖው ሪሴት (ዳግም ማስነሻ) እና ግራውንድ (የኔጌቲቭ መስመር) መካከል አድርጊ። ፕላሱ ወደ ሪሴት ነው። ያለበለዚያ ኮምፒውተሩ ባናገረው ቁጥር አርዱዪኖው ራሱን ሪሴት ያደርጋል። ከዚያ ቺፑን ሽቦ በሽቦ አገናኚ፦ የአርዱዪኖ 10 ወደ ቺፑ እግር 1፣ 11 ወደ 17፣ 12 ወደ 18፣ 13 ወደ 19። 5 ቮልቱ ወደ 7 እና 20፣ ግራውንዱ ወደ 8 እና 22። እግር 1 የሚቆጠረው ጎድጎድ ያለውን ጥርሱን ወደ ላይ ስታዞሪው ከዚያ ጫፍ በስተግራ ነው።

ኤቪአርዱድ የሚባለውን ሶፍትዌር ክፈቺና ቺፑን ብቻ አስነብቢው። ገና ምንም አትጻፊ። የአትሜጋ 8 መለያ የሆነውን 1ኢ 93 07 ብሎ ከመለሰልሽ ቺፑ በሕይወት አለ፣ ሽቦሽም ልክ ነው። ዜሮ ዜሮ ወይም ኤፍኤፍ ኤፍኤፍ ካለ ሽቦ ተሳስቷል።

አሁን የምነግርሽን እኔ በኪሳራ ነው የተማርኩት። ቺፑ ውስጥ ከኮዱ ሌላ ፊዩዝ የሚባል ቅንብር አለ። የሚቃጠለው ፊዩዝ አይደለም፤ ስሙ ነው የሚያሳስተው። ቺፑ ምቱን ከየት እንደሚያገኝ የሚወስነው እሱ ነው። አዲስ አትሜጋ 8 በውስጡ ባለው በ1 ሜጋኸርዝ ምት ነው የሚነሣው፤ ክሪስታል አይፈልግም። እኔ ቸኩዬ ፊዩዙን አስቀደምኩ። «ከአሁን በኋላ የውጭ ክሪስታል ጠብቅ» አልኩት። ጠረጴዛው ላይ ክሪስታል የለም! ቺፑ ዝም አለ። ባነብ ባነብ መልስ የለም። ሞተ ብዬ የተቃጠሉ ቺፖች የምወረውርበት ጣሳ ውስጥ ጣልኩት። ያ ቺፕ ከአንድ ክረምት በላይ እዚያ ተኛ። አንድ ቀን መብራት ሄዶ ሥራ ስፈታ ጣሳውን ስነካካ ትዝ አለኝ። መብራት ሲመጣ ክሪስታል በ9 እና በ10 እግሩ መካከል አድርጌ አነበብኩት። 1ኢ 93 07። አሁን በየቀኑ የምሠራበት ፕሮግራመር ላይ ያለው እሱ ነው።

ስለዚህ ቅደም ተከተሉን ጠብቂ። ኮዱን ጫኚ። 12 ሜጋኸርዝ ክሪስታሉን ከሁለቱ ባለ 22 ፒኮፋራድ ካፓሲተሮች ጋር አስገቢ። ከዚያ ፊዩዝ፦ ሃይ ፊዩዙ ሲ9፣ ሎው ፊዩዙ ኢኤፍ። ሁለቱን አቀያይረሽ እንዳትጽፊ ጣትሽን ስክሪኑ ላይ አድርገሽ ጮክ ብለሽ አንብቢ፤ እኔ ዛሬም እንደዚያ ነው የማደርገው። ሃይ ፊዩዙ ላይ የመጀመሪያው አሃዝ ከ8 ካነሰ የቺፑ ሪሴት እግር ይዘጋል። ከዚያ ወዲያ በዚህ መንገድ አይከፈትም፤ 12 ቮልት የሚሰጥ ሌላ ዓይነት ፕሮግራመር ትፈልጊያለሽ።

ይህንን ሁሉ አድርገሽ ላፕቶፑ አሁንም ካላወቀው ወደ ብየዳሽ እንመለስ። ቺፑን አውጪ፣ ቦርዱን ሰኪ፣ ቴስተሩን ዲሲ ላይ አድርጊ። ዲ ማይነስ ከግራውንድ ጋር 3 ቮልት አካባቢ ማሳየት አለበት፣ ዲ ፕላስ ወደ ዜሮ የቀረበ። 0.7 ገደማ ካየሽ የዳታውን ቮልት የሚገድበው ዜነር ዳዮድ ተገልብጧል፤ ጥቁር መስመሩ ያለበት ጫፍ ወደ ዳታው እንጂ ወደ ግራውንድ አይዞርም። ከ4 በላይ ካየሽ ዜነሩ ጨርሶ አልተያያዘም። 3 ቮልቱን ዲ ፕላስ ላይ ካገኘሽው ሁለቱን ሽቦዎች አቀያይረሻል። በነገራችን ላይ ኬብሉን ከአሮጌ ማውስ ቆርጠሽ ከሆነ ቀለሙን አትመኚ። ቀይ 5 ቮልት፣ ጥቁር ግራውንድ፣ ነጭ ዲ ማይነስ፣ አረንጓዴ ዲ ፕላስ መሆን ነበረበት። እኔ አንድ ጊዜ አምኜ ሰክቼ ቺፑን በጣቴ ስነካው እንደ ምጣድ ጋለ። በቴስተር ሳትፈትሺ አትሰኪ።

የዜነሩ ዓይነትም ያስቸግራል። 3.6 ቮልት የሚለውን አይተሽ ከአሮጌ ቴሌቪዥን ቦርድ ወፍራሙን ባለ 1 ዋት ነቅለሽ ከሆነ እሱን ተይው። ወፍራሞቹ በውስጣቸው የሚያቆሩት ቻርጅ ስለሚበዛ ምልክቱን ያደበዝዙታል፤ ቴስተሩ 3 ቮልት እያሳየሽ መስመሩ ግን አይነበብም። ትንሿን ባለ ግማሽ ዋት የመስታወቷን ፈልጊ። በዳታ መስመሮቹ ላይ የሚገቡት ሁለቱ ሬዚስተሮች ባለ 68 ኦም ናቸው፦ ሰማያዊ፣ ግራጫ፣ ጥቁር።

ቺፑ ላይ ከ8 ቀጥሎ «ኤል» የምትል ፊደል ካለችም ንገሪኝ። ባለ ኤሉ የተሠራው እስከ 8 ሜጋኸርዝ ነው። በ12 የሚያሠሩት ሰዎች አሉ፤ እኔ ግን ለማስፈልፈያው አስቀርቼ ሌላውን ለፕሮግራመሩ አደርግ ነበር።

ሁሉም ተሳክቶ ሁለተኛውን ቺፕ፣ የእናትሽን፣ ልትጭኚ ስትይ አንድ ወጥመድ አለ። እሱም አዲስ ስለሆነ በ1 ሜጋኸርዝ ነው የሚሠራው። ቺፕ የሚጻፍበት ፍጥነት ከራሱ ፍጥነት ሩብ በታች መሆን አለበት፤ ለእሱ ከ250 ኪሎኸርዝ በታች ማለት ነው። ፕሮግራመርሽ ደግሞ በ375 ይነሣል። ሥዕሉ ላይ የፍጥነት መቀነሻ ጃምፐር (ሁለት ነጥቦችን የሚያገናኝ መዝጊያ) አለ፤ እሷን ስትዘጊ ወደ 8 ኪሎኸርዝ ይወርዳል። ይንቀራፈፋል፣ ግን ይጽፋል። ጃምፐሯን «አያስፈልግም» ብለሽ ዘለሻት ከሆነ መልሰሽ ብየጃት።

ማስፈልፈያውን 37.5 ዲግሪ ላይ አድርጊው። 21 ቀን ነው፤ መብራት ሲሄድ ምን እንደምታደርጊ ግን ከአሁኑ አስቢበት። ባትሪ ሳታዘጋጂ እንቁላል እንዳትደረድሪ።

ጥያቄ፦ እኔ እንኳ አልሠራሁም፣ ተሠርቶ የመጣውን ፕሮግራመር ነው የገዛሁት። ኮድ በጫንኩ ቁጥር «የኤስሲኬን ፍጥነት ማስተካከል አልተቻለም፣ የፕሮግራመሩን ሶፍትዌር አድሱ» የሚል ማስጠንቀቂያ ይመጣል። ተታለልኩ?
— መ.፣ ከጅማ ፈረንጅ አራዳ

መልስ፦ አልተታለልክም። ውስጡ ያለው ኮድ የቆየ ነው፤ ኤስሲኬ የሚባለውን የመጻፊያ ምት ፍጥነት ቀይር የሚለውን ትእዛዝ አያውቅም። ኮዱ እየተጫነልህ እስከሆነ ድረስ እንዳላየህ እለፈው። የሚያስቸግርህ በ1 ሜጋኸርዝ የሚሠራ አዲስ ቺፕ ሲመጣ ነው፤ ያኔ ከላይ ለአጋሮዋ እህት የጻፍኩትን ጃምፐር ፈልግ። አንዳንዶቹ ላይ ቀዳዳው ብቻ ነው ያለው። ሁለቱን ቀዳዳዎች በአንዲት ቁራጭ ሽቦ ብታገናኛቸው ያው ነው።

ማደስ ካማረህ ሌላ ፕሮግራመር ያስፈልግሃል። አጋሮ ውስጥ በቅርቡ አንድ የሚኖር ይመስለኛል።

ጥያቄ፦ ይሄ ፕሮግራመር ስልክ ፍላሽ ያደርጋል?
— ስም የለውም፣ በጽሑፍ መልእክት የመጣ

መልስ፦ አያደርግም። ሱቄ መጥቶ ፕሮግራመሩን እያሳየ «ይሄ ፍላሽ ስንት ጂቢ ነው?» ያለኝ ሰውም አለ። ጂቢ የለውም። ፒአይሲ የሚባለውን ሌላ ዓይነት ቺፕም አይጭንም፤ ኢኤስፒ 32 የሚባለውም ቺፕ የራሱ መንገድ አለው። ይሄኛው አትሜጋ 8ን የመሳሰሉት የኤቪአር ቺፖች መጫኛ ነው፣ በቃ።