ፎጣ መስቀያ ሰው አይሸከምም

ጥያቄ፦ እናቴ 76 ዓመቷ ነው፤ ኮንዶሚኒየም ውስጥ አብራን ትኖራለች። ባለፈው ሳምንት ሌሊት ከሽንት ቤት ስትወጣ አዳለጣት። ፎጣ መስቀያውን ብትይዘው ከነቪሱ ተነቅሎ መጣ። ደግነቱ አልተሰበረችም። በወፍራም ብረት ብተካው ይበቃል? (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ ብረቱ ቢወፍርም ግድግዳው ያው ነው። የኮንዶሚኒየም ግድግዳ በአብዛኛው ውስጡ ክፍት ብሎኬት ስለሆነ ፊሸሩ (ቪሱ የሚገባበት ፕላስቲክ) የሚነክሰው ቀጭኑን የፊት ገጽ ብቻ ነው፤ የሚወድቅ ሰው ክብደቱን በድንገት ሲጥልበት ይመዘዛል። አስተማማኙ ግድግዳውን ወዲያ ማዶ ድረስ በስቶ 8 ሚሊ ቡሎን ማሳለፍና ከጀርባው 10 በ10 ሳንቲም በሆነ፣ 4 ሚሊ ውፍረት ባለው ላሜራ ላይ በዳዶ ማሰር ነው። ከጀርባ ያለው የጎረቤት ቤት ከሆነ ብሎኬቱ ከፊት ተከፍቶ በቤቶን ይሞላ፤ ቢያንስ አንድ ሳምንት ጠብቀው ይብሱት። ሴራሚኩን እስኪያልፉ የድሪሉ የመዶሻ ምት (ሃመር) ጠፍቶ በመሽከርከር ብቻ ይሥራ፤ ምቱ ሴራሚኩን ይሰነጥቀዋል። ከቧንቧው በላይና በታች ባለው መስመርም አይብሱ፤ የውኃ ቱቦው በዚያ ሊያልፍ ይችላል።

የሚያዘው ቱቦ ከ32 እስከ 38 ሚሊ ይወፍር፤ ከግድግዳው 4 ሳንቲም ገደማ ይራቅ። ከዚያ ከሰፋ ክንድ ሾልኮ ይገባና ይሰበራል። የተለመደው ከፍታ ከወለል 85 እስከ 90 ሳንቲም ቢሆንም እናትዎ አጭር ከሆኑ እሳቸው ሲነሱ እጃቸው የሚያርፍበትን በእርሳስ ምልክት ያድርጉ። ሲያልቅ ከቤቱ ሰው ሁሉ ከባዱ ይንጠልጠልበት።

በብዙ ቤት የሚያዳልጠው ግን እግር እንዲያደርቅ ተብሎ በሩ ላይ የሚጣለው አሮጌ ጨርቅ ራሱ ነው። ያንሱትና ሥሩ ጎማ የሆነ ምንጣፍ ይተኩበት። ከወለሉ ጋር በመምጠጥ የሚጣበቀው ዓይነት ለስላሳና ትልልቅ ሴራሚክ ላይ ይይዛል፤ ፉጋው (በንጣፎቹ መካከል ያለው መስመር) የበዛ ሞዛይክ ላይ ግን አየር ስለሚያስገባ ይንሸራተታል። ማታ እግራቸውን ቫዝሊን የሚቀቡ ከሆነም ሲሊፐሩ ይቅርና ተረከዝ የሚይዝ ጫማ ከአልጋው ሥር ይቀመጥላቸው።

የግፊት መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ ብድግ ሲሉ ግፊታቸው ወርዶ ሊያዞራቸው ይችላል። አልጋው ጫፍ ላይ አንድ ሁለት ደቂቃ ተቀምጠው ይነሱ። መዞሩ ከተደጋገመ ለሐኪማቸው ይነገር እንጂ መድኃኒቱን ቤት ውስጥ ማቋረጥ አይገባም። መብራት ሲሄድ በራሱ የሚበራ ቻርጅ አምፖልም ለመተላለፊያው ያስፈልጋል።

የሽንት ቤቱን የውስጥ መቀርቀሪያ ዛሬውኑ ያውልቁት። በሩ ወደ ውስጥ የሚከፈት ከሆነ ደግሞ ወድቀው ከኋላው ቢጋደሙ ከውጭ ገፍቶ መግባት ያስቸግራል፤ ወደ ውጭ እንዲከፈት ማጠፊያውን የሚያዛውር አናጢ ያናግሩ።