ኬሞ ላይ ላሉ እናት፦ ለብ ያለ ውሃና ጥቂት ጠረን

ሰላም ውዴ። ፈጣሪ እናትሽን ይማርልሽ። ሌሎችም እንዲያነቡት ጥያቄሽን በአጭሩ ልድገመው። እናትሽ እዚህ ጅማ ኬሞ፣ የካንሰር መድኃኒት፣ ጀምረዋል። ሰውነታቸውን ይቆረጥማቸዋል፣ ያቅለሸልሻቸዋል፣ ሌሊት እንቅልፍ የላቸውም። ጎረቤት «ባሕር ዛፍ አፍልታችሁ አጥኗቸው» ብላችኋለች። የአክስትሽ ልጅ ከአዲስ አበባ የላቬንደር (ጥሩ መዓዛ ያለው አበባ) ዘይት ልካለች። አንቺ ደግሞ «ሙቅ ውሃ ውስጥ ጠብ አድርጌ ባጥባቸው ይጎዳቸው ይሆን?» ብለሻል።

ሐኪም አይደለሁም። ታላቅ እህቴ ለጡት ካንሰር ኬሞ ስትወስድ ያስታመምኳት ግን እኔ ነኝ። የምነግርሽ ከነርሶቹ የሰማሁትን፣ ያነበብኩትንና ቤት ውስጥ ያየሁትን ነው።

መታጠቡ ጥሩ ነው፣ ግን በሙቅ ሳይሆን ለብ ባለ ውሃ። ዘይቱም በልኩ ይቻላል፤ ባይኖርም ምንም አይጎድልባቸውም። እህቴን የሚያሳርፋት ውሃው፣ አለመቸኮላችንና ከታጠበች በኋላ ንጹሕ አንሶላ ላይ መተኛቷ ነበር። መታጠኑን ግን ተዉት። ምክንያቱን ወደ ታች እነግርሻለሁ።

ከውሃም ከዘይትም በፊት ቴርሞሜትር ግዢ። ፋርማሲ ውስጥ ታገኛለሽ። ኬሞ በሽታ የሚከላከሉትን ነጭ የደም ሴሎች ያወርዳል። በብዙዎቹ መድኃኒቶች በጣም ዝቅ የሚሉት ከተወሰደ ከ7 እስከ 14 ቀን ባለው ጊዜ ነው። በዚያ ሰሞን ትንሽ ኢንፌክሽን በሰዓታት ውስጥ ሊከፋ ይችላል። ስለዚህ ገላቸውን ከማጠብሽ በፊት ለኪያቸው። 38 ዲግሪ ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ማጠቡ ይቅር፤ ሌሊትም ቢሆን ወደ ሆስፒታል ሂዱ። ሰው «ምች ነው» ይልሻል። ዳማከሴ ጨምቆ ለማጠጣትና ለመቀባት ይጣደፋል። እባክሽ በዚህ ነገር አትሸነፊ። ሐኪም ሳያያቸው ፓራሲታሞል ሰጥተሽ ትኩሳቱን አትደብቂው፣ በቀዝቃዛ ውሃ አብርደሽም ጠዋትን አትጠብቂ።

አሁን ወደ ውሃው። ገንዳ ያለው ቤት ስንት ነው? እኛ ሰፋ ያለ ሳፋ፣ የፕላስቲክ ወንበርና ጆግ ነበረን። ከዚህ በላይ አያስፈልግም። ውሃውን በክርንሽ ሞክሪው። ክርንሽ ሙቀቱን ብዙም ካልለየው ልኩ እሱ ነው። ትኩስ ውሃ ቆዳ ያደርቃል፣ የደም ግፊትንም ያወርዳል። ያልበላና ያስታወከ ሰው ደግሞ ከወንበሩ ሲነሳ ዓይኑ ይጨልምበታል። ስለዚህ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ይበቃል። በሩ ከውስጥ አይቆለፍ፣ አንቺም አጠገባቸው ሁኚ። ወለሉ ላይ የማያንሸራትት ነገር አንጥፊ። ሲጨርሱ በፎጣ ጫን ጫን እያደረግሽ አድርቂላቸው እንጂ አትፈትጊ። ቆዳው እርጥበት እንዳለው ሽታ የሌለው ቫዝሊን ቀቢያቸው።

የጅማን ክረምት ታውቂዋለሽ። ዝናቡ ሲያባራ ብርዱ ይገባል፣ መብራትም ይሄዳል። ቢሆንም ክፍሉ እንዲሞቅ ብለሽ የከሰል ምድጃ መታጠቢያ ቤት አታስገቢ። የከሰል ጭስ ሽታ በሌለው ጋዝ ሰው ይገድላል፤ በተዘጋ ክፍል ውስጥ ደግሞ ፈጥኖ ነው። ውሃውን ውጭ አሙቂ፣ መስኮቱን ዝጊ፣ ጋቢውን አጠገብሽ አዘጋጂ።

እጃቸው ላይ ካኑላ፣ መድኃኒት በደም ሥር የሚሰጥበት ቀጭን ቱቦ፣ ካለ ወይም ደረታቸው ላይ የመድኃኒት መስመር ከተተከለላቸው ውሃ ውስጥ አይነከርም። እህቴ ካኑላ ይዛ ወደ ቤት ስትመጣ እጇን በፕላስቲክ ከረጢት ጠቅልለን ከፍ አድርገን እንይዝላት ነበር። ሰውነቷንም በእርጥብ ጨርቅ እንጠርግላታለን። ይህም መታጠብ ነው፤ አቅም በሌለበት ቀን እንዲያውም ይሻላል።

ውሃውን በተመለከተ የመድኃኒቱ ስም ወሳኝ ነው። ፓክሊታክስል የእጅና የእግር ጣቶችን ሊያደነዝዝ ይችላል። የደነዘዘ እግር ሙቀት ስለማያውቅ በሽተኛው ሳይሰማው ይቃጠላል። ስለዚህ እሳቸው «ተመችቶኛል» ቢሉም የምታምኚው የራስሽን ክርን ነው። ኦክሳሊፕላቲን በተቃራኒው ከብርድ ጋር ይጣላል። ከተወሰደ በኋላ ባሉት ቀናት ቀዝቃዛ ውሃ መንካትም መጠጣትም ጣትንና ጉሮሮን እንደ መርፌ ይወጋል። በእንክብል የሚሰጠው ካፔሲታቢን መዳፍንና የውስጥ እግርን ሊያቀላና ሊያሳምም ይችላል። እሱ ላይ ሙቅ ውሃ ነገሩን ያባብሰዋል። ዶክሶሩቢሲን፣ ቀዩ መድኃኒት የሚሉት፣ ለአንድ ሁለት ቀን ሽንትን ያቀላል። ስታጥቢያቸው ብታይው አትደንግጪ፤ የመድኃኒቱ ቀለም ነው። ጡታቸው በቀዶ ሕክምና ወጥቶ ብብታቸው ሥር ያሉት ዕጢዎችም ከተነሱ፣ በዚያ በኩል ያለውን ክንድ ከትኩስ ነገር ጠብቂው፤ ሊያብጥ ይችላል።

መታጠኑን ተዉት ያልኩሽ ለዚህ ነው። የፈላ ድስት ላይ ብርድ ልብስ ተከናንቦ መቀመጥ ለጤነኛ ሰውም ይከብዳል። ኬሞ ላይ ያለ ሰው ቆዳው ስስ ነው። ላብ ፈሳሹን ይጨርሰዋል፣ እንፋሎቱም ያቃጥለዋል። ኃይለኛው የባሕር ዛፍ ሽታ ደግሞ ማቅለሽለሹን ሊቀሰቅስ ይችላል። ጎረቤታችሁ በቅንነት ነው የተናገረችው። «ሐኪሙ ከልክሏል» ብትያት ትረዳለች።

ለእንቅልፍ እኛን በጣም የጠቀመን ማታ ማታ እግር ማጠብ ነው። ትንሽ ሳፋ፣ ለብ ያለ ውሃ፣ እህቴ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጣ። ከዚያ እግሯን አድርቄ በቀስታ አሸው ነበር። በቀስታ ነው የምልሽ። ደም እንዲረጋ የሚያደርገው ፕላትሌት ሲወርድ ትንሽ ጫና ቆዳውን ያበልዘዋል። አንዱ ባታቸው ብቻ አብጦ የሚያማቸው ከሆነ ግን ፈጽሞ አትሺው። የረጋ ደም ሊሆን ስለሚችል ዛሬውኑ ይታዩ።

ላቬንደሩን የምትጠቀሚው ለዚህ ለእግር ነው። ዘይት ከውሃ ጋር አይዋሃድም። ሳፋው ውስጥ ጠብ ብታደርጊው ላዩ ላይ ይንሳፈፍና ሳይበረዝ ቆዳ ላይ ያርፋል፤ ያቃጥላል። መጀመሪያ በሌላ ዘይት በርዢው። ከፋርማሲ የሚገዛው የወይራ ዘይት ይሆናል። በሁለት የሾርባ ማንኪያ፣ ማለትም 30 ሚሊ ሊትር ገደማ፣ 6 ጠብታ ብቻ ጨምሪ። ይህ አንድ በመቶ ነው፣ ለታመመ ሰው ከዚህ አይለፍ። ከዚያ ጥቂቱን የክንዳቸው ውስጠኛ ክፍል ላይ ቀብተሽ አንድ ቀን ጠብቂ። ካላሳከከና ካልቀላ እግራቸውን ቀቢበት። ቁስል ላይ፣ ካኑላ አካባቢ ወይም ጨረር የሚሰጥበት ቆዳ ላይ አይነካም። አይጠጣም፣ ሻይ ውስጥም ጠብ አይደረግም። ልጆች ካሉ ብልቃጡን ቆልፊበት፤ የባሕር ዛፍ ዘይት አንድ የሻይ ማንኪያ ያህሉ እንኳ ለሕፃን አደገኛ ነው።

ከጓሯችን የምንቀጥፈውም ሁሉ ለገላ አይሆንም። ጤና አዳም ቆዳ ላይ ተቀብቶ ፀሐይ ከመታው ውሃ የቋጠረ ቁስል ያወጣል። የሎሚ ጭማቂም ተመሳሳይ ጉዳት ያመጣል። አንዳንድ የኬሞ መድኃኒቶች ደግሞ ቆዳን በራሳቸው ለፀሐይ ያጋልጡታል። ቆዳቸው የሚያሳክካቸው ከሆነ አጃ ይሻላል። ሽታ የለውም፣ ርካሽም ነው። የተፈጨ አጃ በንጹሕ ሻሽ ቋጥረሽ ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ንከሪው። ጨመቅ ስታደርጊው ነጭ ውሃ ይወጣል። በእሱ ቀስ አድርገሽ አብሺላቸው።

ስለ ጠረን ትንሽ ልቆይ፤ እዚህ ከተማ ዋናው ችግር እሱ ነውና። ኬሞ የሚወስድ ሰው አፍንጫ ይለወጣል። ትናንት የወደደው ዛሬ ያስመልሰዋል። ጅማ ውስጥ ደግሞ ቡና የማይቆላበት ቤት የለም። ጠያቂ በመጣ ቁጥር ቡና ይቆላል፣ እጣን ይጨሳል፣ ሽንኩርት ይቁላላል። ሰው ፍቅሩን የሚገልጸው በዚህ ነው፣ ታማሚዋ ግን ፊቷን ወደ ግድግዳ ታዞራለች። እኛ ቡናው ጎረቤት ተቆልቶ ይምጣ አልን፣ እጣኑን ጨርሶ ተውን። አንዳንድ ዘመድ ቅር አለው። ይሁን፣ በኋላ ገብቶታል። እናትሽን «ምን ይሸትዎታል? ምን ይመችዎታል?» ብለሽ በየቀኑ ጠይቂ። ላቬንደሩን ካልወደዱት ስንትም ይፈጅ ስንት ከቤት ይውጣ።

ደግሞ አንድ ነገር አለ። የሚወዱትን ጠረን ኬሞ በሚወስዱበት ዕለት አትጠቀሚበት። አእምሮ ጠረኑን ከማቅለሽለሹ ጋር ያያይዘዋል። በኋላ ያው ጠረን ብቻውን ሆድ ያገላብጣል። ለሚያርፉባቸው ቀናት አስቀምጪው። ለኬሞው ቀን ሎሚ ይዘሽ ሂጂ። ልጣጩን በጥፍርሽ ጫር አድርገሽ በመሀረብ ስጫቸው፣ ሲፈልጉ ያሽትቱት፣ ሲሰለቻቸው ይጣል። ዝንጅብልም ቢሆን ቀጠን ብሎ የፈላ ለብዙ ሰው ይስማማል። ለማቅለሽለሽ የታዘዘው መድኃኒት ግን በሰዓቱ ይወሰድ። ጠረን እንደ ኦንዳንሴትሮን ያለውን የማቅለሽለሽ መድኃኒት አይተካም።

መድኃኒቱ ከሰውነት በሽንት፣ በሰገራ፣ በትውከትና በላብም ይወጣል። ስለዚህ ከኬሞው በኋላ ለ48 ሰዓት ያህል ስታጥቢያቸውም ሆነ አንሶላ ስትቀይሪ ጓንት አድርጊ። ያን ልብስ ለብቻው እጠቢ። እርጉዝ ሴት ካለች ይህን ሥራ ለሌላ ሰው ትተው። እናትሽን መንካት፣ ማቀፍና አጠገባቸው መተኛት ግን ምንም አይደለም። ይህን የምጽፈው ሰዎች ፈርተው ሲርቋት እህቴ ምን ያህል እንደተጎዳች ስላየሁ ነው።

በቴሌግራም «የኬሞን መርዝ ከሰውነት የሚያወጣ ዘይት» የሚሸጡ አሉ። ገንዘባችሁን አትስጧቸው። መድኃኒቱን የሚያስወግዱት ጉበትና ኩላሊት ናቸው፣ የሚረዳቸውም ሐኪሙ የፈቀደውን ያህል ውሃ መጠጣት ነው። ጥሩ ጠረንና እሽት ለጊዜው ጭንቀትን ያቀልላል፣ እንቅልፍን ያግዛል። ካንሰሩን አይነካውም። የሚዋጥ ነገር፣ የጥቁር አዝሙድ ዘይትም ቢሆን፣ ሐኪሙ ሳያውቅ አይሰጥ፤ ከኬሞው ጋር ሊጋጭ ይችላል። ጠበልም ሆነ ዘምዘም የሚጠቀሙ ከሆነ በእምነታቸው አልገባም፣ ለነርሷ ግን ንገሯት። በዚያ ምክንያት ኬሞው እንዳይቋረጥ።

በሚቀጥለው ዙር ለደም ምርመራ ስትሄዱ የዘይቱን ብልቃጥ ይዘሽ ሂጂና ለነርሷ አሳያት። ከካርዳቸው ላይ ደግሞ የመድኃኒቶቹን ስም ገልብጠሽ እዚሁ ጻፊልኝ፣ ፓክሊታክስል ወይም ኦክሳሊፕላቲን ካለበት ስለ እግር ማጠቡ ለብቻው እነግርሻለሁ። እስከዚያ ዛሬ ማታ ለኪያቸው። ትኩሳት ከሌላቸው ያለ ምንም ዘይት በለብ ያለ ውሃ እግራቸውን እጠቢያቸው።