አሸዋ ፊት የለውም

ጥያቄ፦ እኔና አራት ጓደኞቼ የተጣሉ ድመቶችን ያለ ክፍያ እንታደጋለን። አሁን 31 ድመቶች በእጃችን አሉ። እግሩ የተሰበረ አንድ ድመት ፎቶግራፍ ስናሳይ ለሕክምናው ከሚበቃው በላይ ገንዘብ ገባ። ለምግብና ድመቶቹ ለሚጸዳዱበት አሸዋ ስንለምን ግን የመለሰልን የለም። የእንስሳት ሐኪሙ ዕዳ ሦስት ወር አልፎታል፤ ከደመወዜም እየጨመርሁ ነው። በተረፈው ገንዘብ አሸዋ ብንገዛ ነውር ይሆናል? ምን ይመክሩኛል?
የደከማት

መልስ፦ እህቴ፣ ነውር የሚሆነው ሳይነግሩ ማድረጉ ነው። ሰዎቹ የሰጡት ለዚያ እግር ነው። ስለዚህ ሕክምናው ስንት እንደፈጀና ስንት እንደተረፈ ጻፊላቸው፤ ትርፉን ለሌሎቹ እንድታውሉት ፈቃድ ጠይቂ። እምቢ ላለ መልሽለት። የእንዲህ ያለ ቤት ሒሳብ በያዝሁባቸው ዓመታት ገንዘቤ ይመለስልኝ ያለ አንድ ሰው ብቻ ገጥሞኛል፤ እሱም በዓመቱ ድመት ሊወስድ መጣ።

ሰው ለተሰበረ እግር የሚሰጠው የሚያየው ፊት ስላለ ነው። አሸዋ ፊት የለውም፤ በረኪናም ቢሆን ያስነጥሳል እንጂ አያሳዝንም። እኛን ከዚህ ያወጣን አንድ የቆሸሸ ወረቀት ነው። ባልደረባችን እናቱ የሞተችበትን የሳምንት የድመት ግልገል ስታሳድግ ሌሊቱን በእርሳስ ትመዘግብ ነበር፦ 6 ሰዓት ጠባ፤ 8 ሰዓት ተኩል ጠባ፣ ሸና፤ 11 ሰዓት ጠባ፣ 140 ግራም፣ ከትናንት 10 ጨምሯል። (በዚያ ዕድሜው ብቻውን አይሸናም፤ እናቱ በምላሷ እንደምታደርገው በሞቀ እርጥብ ጨርቅ ማሸት ያስፈልጋል።) የላም ወተት ስለሚያስቀምጠው ለግልገል የተዘጋጀውን የወተት ዱቄት መግዛት ግድ ነው። ወተት የተንጠባጠበበትን ያን ወረቀት እንዳለ ለለጋሾች አሳየን፤ ከሥሩ የሌሊቱን ወጪ ጻፍን። ከዚያ ወዲህ በየወሩ ጥቂት የሚልኩ ሰዎች አገኘን። አንድ ጊዜ ብዙ ከሚሰጥ ይልቅ እነዚህ ይሻላሉ፤ በሚመጣው ወር ምን እንደሚገባ ታውቂያለሽ፣ ለሐኪሙም ቀን ቆርጠሽ ቃል መግባት ትችያለሽ። እሱን ደግሞ አትሽሺው። ሄደሽ ዕዳውን በስንት ወር እንደምትጨርሱ ተስማሙ።

ቀጥሎ የምለውን አትወጂውም። ዕዳው እስኪቀልል አዲስ ድመት አትቀበሉ። እኛ ቦታ ሳይኖረን «ይህችን ብቻ» ብለን ያስገባናት ግልገል ፓንሉኮፔኒያ የሚባለውን፣ በቫይረስ የሚመጣ ተላላፊ የድመት በሽታ ይዛ ገባች። የምትለያይበት ክፍል አልነበረንም፤ ክትባታቸውን ያልጨረሱት ግልገሎች ተከታትለው ታመሙ። ቫይረሱ በአንድ ክፍል ውስጥ እስከ ዓመት ሊቆይ ይችላል፤ ተራ ሳሙና አይገድለውም፣ በረኪና ግን ይገድለዋል። የዓመቱ መጠባበቂያችን በሁለት ሳምንት አለቀ። ሰባት ግልገሎችም ቀበርን።

ገንዘብ ሲገኝ ከዕለት ምግብ ቀጥሎ ማምከን ይቅደም። ሴት ድመት በአራት ወሯ ልታረግዝ ትችላለች፤ እርግዝናዋ ዘጠኝ ሳምንት ያህል ብቻ ነው፤ እያጠባችም ትፀንሳለች። አንዷን ሳታመክኑ ብታቆዩ የሚቀጥለውን የወተት ዱቄት ከወዲሁ አዘዛችሁ ማለት ነው። ብዙ ድመቶችን በአንድ ቀን ብትወስዱለት ሐኪሙ ዋጋ ሊቀንስ ይችል እንደሆነ ጠይቁ፤ ጠይቆ የከሰረ የለም።

ስለ ደመወዝሽ፦ የምትጨምሪውን እንደ ማንኛውም ለጋሽ በመዝገቡ ላይ ስምሽን ጽፈሽ አስገቢ፤ አራቱ ጓደኞችሽ ይዩት። እኔ ለዓመታት ደብቄ ስከፍል ኖሬ፣ ያቆምሁ ዕለት ቤቱ በምን ቆሞ እንደነበር የሚያውቅ ሰው ጠፋ። ተጣላን እንጂ አልተመካከርንም።

ያ ድመት ግን መራመድ ጀመረ ወይ? አልነገርሽንም። ለለጋሾቹ ስትጽፊ እሱን አስቀድሚ።