ናሙናው ልክ፣ ሙከራው አጭር፦ ጨርቁ ሳያርፍ ተቆርጧል

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው፦ «ደንበኛው ያጸደቀው የጥጥ ቲሸርት ናሙና ርዝመቱ 70 ሴ.ሜ. ነበር። ወደ ብዛት ምርት ከመግባታችን በፊት 60 ፍሬ ለሙከራ ስንሰፋ 68 ሴ.ሜ. ሆኖ ወጣ፤ ስፋቱ ትንሽ ጨምሯል። ሲታጠብ ደግሞ የጎን ስፌቱ ወደ ፊት ይዞራል። የማሽን ጥገና ሠራተኛው የኦቨርሎኩን (የጠርዝ መስፊያ ማሽኑን) ዲፈረንሻል፣ ማለትም የጨርቅ መግፊያ ጥርሶቹን ፍጥነት ማስተካከያ፣ ሁለት ጊዜ ቀያየረው፤ ለውጥ የለም። ፓተርኑ (የመቁረጫ ቅርጹ) ላይ 2 ሴ.ሜ. ጨምረን እንቀጥል?»

አይጨምሩ። ዲፈረንሻሉንም ወደነበረበት ይመልሱትና አይንኩት፤ ምክንያቱ ሳይታወቅ ብሎን ማዞር ነገ ሌላ ጣጣ ያመጣል። ርዝመት ቀንሶ ስፋት ሲጨምር የስፌት ጥፋት አይመስልም። ጨርቁ ከጥቅሉ እንደተፈታ፣ ሳያርፍ ተነጥፎ የተቆረጠ ይመስለኛል። ናሙናው ልክ የመጣው ጠረጴዛ ላይ ለቀናት ተዘርግቶ ከቆየ ጨርቅ ስለተቆረጠ ይሆናል።

ግምቱን ለማረጋገጥ ግማሽ ሰዓት ይበቃል። ካልተሰፋው ባንድል (የተቆረጠ ጨርቅ እስር) ውስጥ ከንጣፉ ላይ፣ መሃልና ታች ሦስት ሦስት የፊት ቁራጭ ያውጡና የወረቀት ፓተርኑ ላይ ይደርቡ። ቁራጩ ገና ሳይሰፋ ከፓተርኑ ካጠረ ጥፋቱ ያለው ቆረጣ ክፍል ነው። ልክ ከሆነ ግን ተሳስቻለሁና ስፌቱን ይፈትሹ። ከዚያ በፊት የመለኪያ ሜትሩን ከብረት ማስመሪያ ጋር ያስተያዩ። ርካሹ የፕላስቲክ ሜትር ሲቆይ ይለጠጣል፤ የተለጠጠ ሜትር ደግሞ ደህናውን ልብስ አጭር አድርጎ ያነባል።

ነገሩ ሁሉ ያለው ቀለበቱ ውስጥ ነው። ጀርሲ፣ ማለትም የቲሸርቱ ሹራብ ጨርቅ፣ እንደ ሽመና ጨርቅ ድርና ማግ የለውም፤ ክሩ ቀለበት እየሠራ፣ ቀለበት በቀለበት ውስጥ እያለፈ ነው የሚያያዘው። ቀለበት ሲጎተት ይረዝማል፣ ወገቡ ይጠባል፤ ሲለቀቅ ያጥራል፣ ይሰፋል። ከሹራብ ማሽኑ ጀምሮ ማቅለሚያው፣ ማድረቂያውና መጠቅለያው ሁሉ ጨርቁን ወደ ርዝመቱ ስለሚጎትቱት ጥቅሉ ውስጥ ያለው ቀለበት እንደተወጠረ የታሰረ ነው። ሲፈታም ክር ከክር እየተፋተገ ስለሚይዘው የሚመለሰው በደቂቃ ሳይሆን በሰዓታት ነው። እንፋሎት ግን ያንን ፍትጊያ ያላላዋል፤ ቆረጣ ላይ ልክ የነበረ ልብስ ካውያ ስር አጥሮ የሚነሳው ለዚህ ነው። መዞሩም ከዚያው ይመጣል። የከረረ ክር ሁልጊዜ መፈታት ስለሚፈልግ ቀለበቱን ወደ አንድ ጎን ያዘነብለዋል። ሪብና ኢንተርሎክ የሚባሉት ሹራብ ጨርቆች በሁለቱም ፊት ቀለበት ስላላቸው ዝንባሌው ይመጣጠናል፤ ሲንግል ጀርሲ (ባለ አንድ ፊቱ) ግን የሚመክትለት የለውም። ሲታጠብ ክሩ ነፃ ይወጣና ስፌቱን ይዞት ይዞራል።

ስለዚህ ከእያንዳንዱ የቀለም ዙር አንድ ጥቅል ይፍቱ። ሳይጎትቱ 1 ሜትር ምልክት ያድርጉበትና ጨርቁን አላልተው እያጣጠፉ 24 ሰዓት ያሳርፉት፤ ላይክራ ካለበት 48። ምልክቱ 97 ሴ.ሜ. ከሆነ 3 በመቶ ሄዷል ማለት ነው፤ ከ70 ላይ 2.1 ሴ.ሜ.፣ የጠፋብዎት ያው ነው። አንዱ ጥቅል 97፣ ሌላው 99 ካመጣ አንድ ላይ አይንጠፏቸው። ለሁሉም እኩል 2 ሴ.ሜ. መጨመር የማያዋጣውም በዚህ ምክንያት ነው፤ ግማሹ ረጅም ሆኖ ይወጣል።

ሲነጠፍ ሁለት ሰው ጫፍና ጫፍ ይዞ መወጠር ይቅር። የንጣፉ ቁመት ከ10 ሴ.ሜ. አይለፍ። ቆራጩም ጨርቁን በሚይዝበት እጁ የብረት መረብ ጓንት ያጥልቅ፤ ጀርሲ ምላጩ ፊት ሲንሸራተት እጅም አብሮ ይሄዳል። ለሙከራ ጥቂት ፍሬ ነው ብሎ ያለ ጓንት መቁረጥ የለም።

ካረፈው ጨርቅ ላይ 50 በ50 ሴ.ሜ. ካሬ ያስምሩና በልብሱ መለያ ላይ በተጻፈው አስተጣጠብ ሦስት ጊዜ አጥበው አድርቀው ይለኩ። ርዝመቱ 48 ከሆነ የእጥበት ማጠሩ 4 በመቶ ነው። ፓተርን ላይ ጭማሪ የሚደረገው ለዚህ ነው፤ ያውም ደንበኛው ልኩን ከእጥበት በኋላ የሚወስድ ከሆነ ብቻ፦ 70 ለ0.96 ሲካፈል 72.9 ሴ.ሜ.።

ለመዞሩ የታጠበ ቲሸርት አንጥፈው፣ ስፌቱ ከታች ጠርዙ ላይ ስንት ሴ.ሜ. እንደሸሸ ለክተው ለርዝመቱ ያካፍሉ። 3.5 ሴ.ሜ. ከሆነ 5 በመቶ ነው፤ ከዚያ በላይ ብዙ ደንበኛ አይቀበልም። ቀጥሎ አንዱን የቀለበት መስመር በእስክሪብቶ ከላይ እስከ ታች ይከተሉ። መስመሩ ከስፌቱ ጋር አብሮ ካዘነበለ የጨርቁ ነው፤ ስፌት አያድነውም፣ ለጨርቅ አምራቹ ይመልሱት። መስመሩ ቀጥ ብሎ ስፌቱ ብቻ ከዞረ ማርከሩ (ጨርቁ ላይ የሚነጠፈው የመቁረጫ ንድፍ) ተጣሟል ወይም ፊትና ኋላው ተዛንፎ ተሰፍቷል።

ከዚያ ካረፈ ጨርቅ 20 ፍሬ እንደገና ይስፉ፤ ቁራጮቹን ከላይ እስከ ታች ቁጥር ይስጧቸው። ልብሱን በካውያ የሚተኩሰው ሠራተኛ የልኩን ወረቀት አይያዝ፤ ከያዘ በእንፋሎት ጎትቶ 70 ያደርሰዋል፣ ልብሱም ካርቶን ውስጥ ተመልሶ ያጥራል። ለክተው የሚመዘግቡት ከካውያ ወርዶ ሲቀዘቅዝ ነው። የቆረጣውን ምላጭ ሲቀይሩ ሶኬቱ ተነቅሎ፣ ጓንቱም እጅ ላይ ይሁን፤ የብረት ቀለበቱ የተበጠሰ ጓንት እንደሌለ ይቆጠራል።